ጠዋት ጠዋት ጠቅ ጠቅ የሚለው ሀይሉክስ፦ ኢንጀክተር ከመቀየርህ በፊት ማኒፎልዱን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ባለ 3.0 ዲፎርዲ (D-4D ናፍጣ ሞተር) ሀይሉክስህ ጠዋት ሲነሳ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ይላል። ትንሽ ከነዳኸው በኋላ ድምፁ ይጠፋል። ዳገት ላይ ደክሟል፣ ጥቁር ጭስም ጀምሮታል። መካኒክህ ደግሞ አራቱም ኢንጀክተሮች (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት) ይቀየሩ ብሎሃል። እኔም ቁርጥ ይሄው ነው የደረሰብኝ። የእኔ በሽታ ግን ማኒፎልዱ ነበር፣ ማለትም ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚወስደው ብረት። እባክህ ብርህን ከማውጣትህ በፊት አንድ ጠዋት ብቻ ታገስ።

የእኔም ያው ሞተር ነው። ዕቃ እየጫንኩ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እመላለስበት ነበር። ድምፁ ሲጀምር ጋራዥ ወሰድኩት። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሞተሩ ግሏል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና «ኢንጀክተር ነው» አለኝ። ሁለቱን አስቀየርኩ። በማግስቱ ጠዋት ያው ጠቅ ጠቅ። ያወጣሁት ብር ዛሬም ያንገበግበኛል። ከብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የልጄ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ቤተሰብ ይዤ መንገድ ስወጣ «ራሴን አመመኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። መንገዱ ነው ብለን አለፍነው። ለካስ ከማኒፎልዱ የሚያፈተልከው ጭስ በአየር ማስገቢያው በኩል ጋቢና እየገባ ነው። አንተም እስክታሠራው ድረስ የአየር ማስገቢያውን ወደ ውስጥ አየር አዙረው፣ መስኮትም ክፈት። ልጅ ባትጭንበት ደግሞ ይሻላል።

ድምፁ ሲሞቅ ለምን ይጠፋል ላልከው፣ ማኒፎልዱ ጊዛ (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በሙቀት እኩል አይለጠጡም። በየቀኑ ሲግሉና ሲቀዘቅዙ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ማኒፎልዱን ከቴስታታው ጋር የሚያስሩትን ስታዶች (ዳዶ የሚገባባቸውን ጥርሳም ዘንጎች) ያደክማቸዋል። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚበጠሱት ዳርና ዳር ያሉት ናቸው፣ መጎተቱ እነሱ ላይ ስለሚበረታ። ጠዋት ብረቱ ቀዝቅዞ ሲያድር ክፍተቱ ክፍት ነው፣ ጭሱ በእያንዳንዱ ምት ይተፋል። ሲግል ብረቱ ይለጠጥና ክፍተቱ ይጠብባል። ስለዚህ ከሰዓት ጋራዥ የሄደ መኪና ደህና መስሎ ይታያል። ናፍጣ ሞተር ጠዋት በራሱም ስለሚንኳኳ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። መለያው ይሄ ነው፦ የማኒፎልድ ድምፅ ነዳጅ ስትሰጠውና ጭነት ሲበዛበት ይጎላል፣ ውስጡም ፉት ፉት የሚል ንፋስ አለበት።

ጉልበቱ የቀነሰውም ከዚሁ ነው። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን ቱርቦ የሚያሽከረክረው የጭሱ ግፊት ነው። ግፊቱ ቱርቦው ጋ ሳይደርስ በመንገድ ካመለጠ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ያንሳል። አየር ያነሰው ናፍጣ ደግሞ በደንብ አይነድም፣ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ምርመራው። ማታ መኪናውን አቁመህ እደር። ጠዋት ሳታስነሳው ኮፈኑን ክፈት፣ ማኒፎልዱ ላይ ያለውን የሙቀት መከላከያ ላሜራ ፍታ። የእጅ ባትሪ አብርተህ ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር የሚገጥምበትን መስመር በዓይንህ ተከተል። ጭስ የሚያፈተልክበት ቦታ ላይ ልክ ኩል እንደተኳለ ጥቁር ጭረት ታያለህ። ወደ ጋቢናው በኩል ያለውን ለማየት ትንሽ መስታወት ያስፈልግሃል፣ እዚያ ጋ አንገት አይገባም። ከዚያ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በጣትህ ንካቸው። የእኔ መጨረሻው ዳዶ ገና ስነካው ተሽከረከረ። ትንሽ ሳብ ሳደርገው ከነተበጠሰው ስታድ እጄ ላይ መጣ። ስብራቱን ሳየው ግማሹ ዝጎ ጠቁሯል፣ ግማሹ ገና ያብለጨልጫል። ማለትም ከተሰነጠቀ ቆይቷል፣ የቀረው በቅርብ ነው የለቀቀው። ለዚህ ነበር ሁለት ኢንጀክተር የቀየርኩት!

በዓይን ካልታየህ የሳሙና ውሃ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቃዛ እንደሆነ የጭስ ማውጫው (ማርሚታው) ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥመህ በኮምፕረሰር ቀስ ያለ ንፋስ ስደድበት። ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃ በመርጫ ማኒፎልዱ ላይ ርጭ አድርግ። አረፋ የሚያስነሳው ቦታ በሽታው ነው። የማኒፎልዱን ሥጋ ራሱንም እርጨው፣ ምክንያቱም ጊዛ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ እንደ ፀጉር ቀጭን ሊሆን ይችላል። የኢጂአር ቱቦው (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) የሚገጥምበትንና ቱርቦው የሚቀመጥበትንም አትርሳ።

አንዳንዱ ሰው የኢንጀክተር ቱቦ እያላላ የትኛው ሲሊንደር እንደሚጮህ ይለያል። ያ በድሮዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል ላይ ይሠራል። ዲፎርዲ ላይ ግን እንዳትሞክረው። መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፣ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል። እጅ የሚያሳጣ ጉዳት ነው።

መካኒክህ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለቴም አይደለም። በዚህ ሞተር ላይ ኢንጀክተሩ የሚቀመጥባት የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ስታልቅ ተመሳሳይ ድምፅ ታሰማለች። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍተህ እይ። ከምቱ ጋር እኩል ትፍ ትፍ የሚል ጭስ ካለ ጉዳዩ እሷ ልትሆን ትችላለች፣ እሱ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ጥቀርሻው ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ያኔም ቢሆን ሮንዴላዋን መቀየር ነው እንጂ ደህና ኢንጀክተር መጣል አይደለም።

ማኒፎልዱ ሆኖ ከተገኘ፣ ሲፈታ ማንም አያጣድፍህ። ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ማታ ማታ ዳዶዎቹ ሥር ዝገት ማላቀቂያ ንፋባቸው። እንቢ ያለውን በጉልበት አትታገለው፣ በኦክስጅን ዳዶውን አሙቀውና ወደ ፊትም ወደ ኋላም እያወዛወዝክ አውጣው። የተጎመደው ስታድ ቴስታታው ውስጥ ከቀረ ጎበዝ በያጅ ፈልግ። ጉማጁ ላይ ዳዶ አስቀምጦ መሃሉን ይበይደዋል፣ ሲቀዘቅዝ በቁልፍ ይዞራል። ብረት ብየዳ አሉሚኒየም ላይ ስለማይዝ ለቴስታታው ብዙም አትስጋ። የብየዳው ግለትም ዝገቱን ያላቅቀዋል። ከብየዳ በፊት ግን የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል። ትራፓኖ (መሰርሰሪያ) የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ፑንታው (የመሰርሰሪያው ጫፍ) ከመሃል ሸርተት ካለ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ከዚያ የቴስታታ ሥራ ውስጥ ገባህ ማለት ነው።

ሰው የሚዘልለው ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። ማኒፎልዱ ከወጣ በኋላ ፊቱን አጽዳና ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት አጋድምበት። ቫልቭ ስንለካ የምንጠቀምበትን ቀጭን ላሜራ ሥሩ አስገባ። የእኔ ዳሩ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያለ ችግር ያስገባ ነበር። እንዲህ የተጣመመ ማኒፎልድ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) ብትጭን ወር አይቆይም፣ ስታዱንም መልሶ ይበጥሰዋል። ቶርኖ ቤት ወስደህ ፊቱ ቀጥ እንዲል አስመታው። ስንጥቅ ካለበት በጊዛ ኤሌክትሮድ፣ ቀድሞ ሞቆ፣ ቀስ ተብሎ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ይበየዳል፤ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ያስበየድኩት ብዙ አልቆየልኝም። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ደህና ያገለገለ ማኒፎልድ ካገኘህ እሱን ያዝ፣ ማስመሪያውን ይዘህ ሂድና እዚያው ለካው።

ጓርኒሲዮኑ የብረት ድርብ ይሁን። ሲሊኮን የሚቀባልህን መካኒክ አስቁመው። ጭሱ ዳገት ላይ ከ600 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ሲሊኮን ይሄን አይችለውም፣ ተልጦ ቢገባ ደግሞ መንገዱ ቱርቦው ነው። ስታድና ዳዶዎቹን ሁሉንም ቀይር፣ የተበጠሰውን ብቻ አይደለም። ስታጠብቅ ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ ቁልፍ፣ የሞተሩ መመሪያ ባለው ልክ። ለሳምንት ያህል ከነዳኸው በኋላ ቀዝቃዛ ሳለ አንድ ጊዜ ድገመው።

ከዚያ ለምን እንደተበጠሰ ፈልግ። የእኔ ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛ ማርሚታውን የሚይዘው ብራኬት ተሰብሮ ክብደቱ ሁሉ ማኒፎልዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርጄ ወደ ደጀን ስወጣ፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ሞተሩ ሲግል አቁሜ ውሃ አስደፋበት ነበር። የጋለ ማኒፎልድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ «ጭስስ» የሚለው ድምፅ ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። ጊዛው የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው። አሁን ጥላ ሥር አቆመዋለሁ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ቀስ ብሎ እንዲሠራ እተወዋለሁ። ሞተሩ የሚቀመጥበትን ጎማ፣ የሞተር ጎሚኒህንም አስታይ፣ ያለቀ ጎሚኒ ንዝረቱን ሁሉ ለማኒፎልዱ ነው የሚሰጠው።

ነገ ጠዋት ላሜራውን ፈትተህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው። በተለይ የአራተኛውን ሲሊንደር ጫፍ፣ ወደ ጋቢናው በኩል ያለውን፣ ቀረብ አድርገህ አንሳው። ጥቁር ጭረቱ የት ጋ እንዳለ ካየሁ ቀጥሎ ምን እንደምትፈታ እነግርሃለሁ።