ስግድ ከምሳው አይጀምርም፦ ስለ በዓላት የላካችኋቸው ጥያቄዎች

የአይሁድ በዓላት ለምንድን ነው በየዓመቱ ቀናቸው የሚለዋወጠው?

በራሳቸው አቆጣጠር አይለዋወጡም። ፋሲካ ሁልጊዜ ኒሳን በሚባለው ወር 15ኛ ቀን ነው። ወሮቹ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ግን ዓመቱ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ገደማ ያጥራል። ፋሲካ ገብስ ከሚደርስበት ወቅት እንዳይወጣ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ሙሉ ወር ይጨመራል።

አንድ ወጣት፣ አያቱ "ሐኑካ የሚባል አናውቅም ነበር" ስላሉት ጓደኞቹ "ታዲያ ምን ዓይነት አይሁድ ናችሁ?" ብለውታል።

ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፣ ሁሌም ያናድደኛል። ሐኑካ በኦሪት የታዘዘ በዓል አይደለም። መቃብያን የተባሉት የአይሁድ ተዋጊዎች ቤተ መቅደሱን መልሰው ያጸዱበት ነው፤ ርቀው ኢትዮጵያ ውስጥ ለኖሩት ለእኛ ሰዎች፣ ለቤተ እስራኤል፣ አልደረሳቸውም። በኦሪት የታዘዙትን ግን በራሳቸው ስም ያከብሩ ነበር። ሮሽ ሃሻናን (አዲስ ዓመትን) ብርሃን ሠረቀ፣ ዮም ኪፑርን (የስርየት ቀንን) አስተስርዮ፣ ሱኮትን (የዳስ በዓልን) በዓለ መጸለት ይሉ ነበር። አያትህ የምታፍርበት ነገር የለም።

አንዲት እናት፦ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "ዛሬ ስግድ ነበር፣ እንጀራ በላን፣ እስክስታ ጨፈርን" አለችኝ። ምን ልበላት?

እንጀራውም እስክስታውም ደስ ይላል። ግን ስግድን ከምሳው የጀመረ ሰው ከመጨረሻው ጀመረ። ስግድ ጾም ነው፤ ስሙ ራሱ መስገድ ነው። ሔሽዋን በሚባለው ወር 29ኛ ቀን ይውላል፣ ከዮም ኪፑር ሲቆጠር 50ኛው ቀን። በዮም ኪፑር ሰው የየራሱን ኃጢአት ይናዘዛል፤ በስግድ ደግሞ ሕዝቡ አንድ ላይ ሆኖ ቃል ኪዳኑን ያድሳል።

ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ይወጣ ነበር። ድንጋዩ ራስን ዝቅ ማድረጊያ ነው። ቄሶቹ፣ ማለትም የቤተ እስራኤል ካህናት፣ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ በአማርኛ ይፈቱታል። ሕጉ በሲና የተሰጠበት ይነበባል፤ ከምርኮ የተመለሱት ማቅ ለብሰው፣ ትቢያ ነስንሰው የጾሙበት የነህምያ መጽሐፍም ይነበባል። ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይሰግዳሉ። ከቀትር በኋላ ነው ወርደው ዳቦ የሚቆርሱት።

ከ2008 እንደ አውሮፓውያኑ ጀምሮ ስግድ በክነሴት (በእስራኤል ፓርላማ) ሕግ የሀገሪቱ በዓል ነው። ስለዚህ ልጅሽን ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ይዘሻት ሂጂ። ከቄሶቹ ጃንጥላ አጠገብ አቁሚያት። ግዕዙ አይገባትም፤ አጠገቧ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ዘርግተው ሲያለቅሱ ግን ታያለች። "ኢየሩሳሌም ገብተው ለምን ያለቅሳሉ?" ትልሻለች። ያን ጊዜ ስለፈረሰው ቤተ መቅደስ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድ ስለቀሩትም ንገሪያት።

በፋሲካ እንጀራ ይበላል?

በፋሲካ የተከለከለው ሐሜጽ (የቦካ እህል) ከ5 እህሎች የሚመጣ ነው፤ ስንዴና ገብስ አሉበት፣ ጤፍ የለበትም። ግን የምትገዙት እንጀራ ስንዴ ከተቀላቀለበት ነገሩ አለቀ። ደግሞ ወላጆቻችን በፋሲካ ምንም የቦካ ነገር አይነኩም ነበር። ቂጣ ነበር የሚበሉት፤ አሮጌው የሸክላ ድስት እንኳ ተሰብሮ በአዲስ ይተካ ነበር። እኔ በእነሱ መንገድ ነኝ። የቀረውን ረቢያችሁን ጠይቁ።

እናቴ ስኳር አለባት፤ "ዮም ኪፑርን ሳልጾም አልውልም" ትላለች።

ወንድሜ፣ ይሄ የሚቆይ ነገር አይደለም። ጾሙ 25 ሰዓት ገደማ ነው፣ ውኃም የለውም። መድኃኒት ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በዓሉ እስኪደርስ ሳትጠብቅ በዚህ ሳምንት ሐኪሟ ጋ ውሰዳት። በራሷ መድኃኒት እንዳትቀንስም ተጠንቀቅ። ነፍስ ማዳን ጾምን ይሽራል፤ ኦሪቱ ሰው በሕጉ ሊኖርበት እንጂ ሊሞትበት አልተሰጠም። ሐኪሙ ከከለከላትና ካንተ አልሰማም ካለች፣ ቄሱን ቤቷ ድረስ አምጣላት። ከእሳቸው አፍ ትስማው።

ለሐኑካ ስንት ሻማ ልግዛ?

44። ከ1 ጀምሮ በየሌሊቱ አንድ እየተጨመረ ለ8ቱ ሌሊቶች 36፣ ሌሎቹን የምትለኩስበት ሻማ ደግሞ በየሌሊቱ አንድ።