ስለ መሪ ራክ ጠይቁኝ፣ ደሴ ሆኜ እመልሳለሁ

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ኮሮላዬ ኮረኮንች ላይ ኳ ኳ ትላለች፣ ራኩን ቀይር አሉኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ አትቸኩል፣ ኳኳታ ሁሉ ራክ አይደለም። ራክ ማለት መሪውን ስታዞር ጎማዎቹን ግራና ቀኝ የሚገፋው ከስር ያለው ክፍል ነው። ፊቷን አንስተህ ደግፋትና ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘህ ወዝውዘው፣ የሚላላው ራኩን ከጎማው የሚያያይዘው ቴስቲናው ጋ ከሆነ ቴስቲና ብቻ ቀይር። ከላይና ከታች ይዘህ ስትወዘውዘው ከላላ ኩሽኔታ ወይ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከስር ካለው ክንድ የሚያያይዘው ኳስ) ነው። የራኩን የላስቲክ ሽፋን ስትጨምቀው ዘይት ካለው ግን አዎ፣ ራኩ ነው።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ራሴ ልፈታው ነው፣ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ አብሽር ይቻላል ግን ረጋ በል። መጀመሪያ ጎማውን ቀጥ አድርግና የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ ኤርባግ ካላት ትንሽ ጠብቅ። ከዛ መሪውን በመቀመጫ ቀበቶ እሰረው፣ ወላሂ ይሄን ነው ሰው ሁሉ የሚንቀው፣ ራኩ ወጥቶ እያለ አንዱ ልጅ ጋቢና ገብቶ መሪውን እንደ ጨዋታ ቢያሽከረክረው ከስሩ የተጠቀለለችው የኤርባግና የጥሩምባ ገመድ ትበጠሳለች፣ የሷ ዋጋ ደግሞ ያስለቅሳል። በክሪክ ብቻ ቆማ ስሯ አትግባ፣ ብሎኬትም አታስገባ፣ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው፣ የብረት መቆሚያ ፈልግ። የመሪው ዘንግ ራኩ ላይ የሚገባበትን በቀለም ምልክት አድርግበት። የቴስቲናውን ዳዶ ጨርሰህ አታውጣ፣ ጥቂት ጥርስ ላይ ተወውና ቴስቲናው የሚገባበትን ክንድ ከጎን ምታው ይለቃል፣ የቴስቲናውን ጫፍ ከመታኸው ግን ጥርሱን ትጨፈልቀዋለህ። የዘይት ቧንቧውን እንደፈታህ ጫፉን በላስቲክ እሰር፣ የኛ አቧራ ከገባ ፓምፑንም ይዞት ይሄዳል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የኔ ቪትዝ ናት፣ ምን ዘይት ልጨምር?

መልስ፦ አብዛኛው ቪትዝ መሪው በኤሌክትሪክ ነው የሚታገዘው፣ ዘይት የለውም እህቴ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ገጠምኩት፣ አሁን ቀጥ ስሄድ መሪው ወደ ግራ ዞሮ ነው፣ ሲዞርም ያጉረመርማል።

መልስ፦ ማጉረምረሙ አየር ነው። ፊቷን አንሳና ሞተር ሳታስነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልክ ደጋግመህ አዙር፣ ዘይቱ ሲወርድ ጨምር፣ ከዛ አስነሳ፣ ዳር ላይ ግን ይዘህ አትቆይ ፓምፑ ይግላል። የመሪው ጠመም ማለት ወይ ዘንጉ ጥርስ ስቶ ገብቷል ወይ ቴስቲናዎቹ እኩል አልገቡም፣ ምልክትህን እይና አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሰራ፣ መሪውን ነቅሎ ማዞር መፍትሄ አይደለም።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ስትገጥም አንተ የምትፈራው የቱን ነው?

መልስ፦ የዘንጉን ማሰሪያ ብሎን። ዘንጉ ላይ ለሱ የተቆረጠች ጎድጓዳ አለች፣ በሷ በኩል ካላለፈ አስረኸውም ዘንጉ ሊሾልክ ይችላል፣ ያኔ መሪው በእጅህ ይዞራል ጎማው አይሰማም። እምቢ ካለህ በመዶሻ አታስገድደው፣ አውጣና አስተካክለህ መልሰው። የቴስቲናው መቆለፊያ ሽቦ አዲስ ይሁን፣ ቀዳዳው ካልገጠመ ዳዶውን ትንሽ አጥብቅ እንጂ አታላላ። ሙከራውን ሜዳ ላይ በቀስታ አድርግ፣ ሳትሞክራት የሐረጎን ቁልቁለት እንዳትወርድ።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ኢሱዙ ላይስ እንዲሁ ነው?

መልስ፦ አይ አያ፣ የጭነቱ ኢሱዙ መሪው ራክ ሳይሆን ሳጥን ነው፣ አፈታቱ ሌላ ነው፣ ለብቻው ጠይቁኝ።