«ዲስክ አለብህ» ለተባላችሁ ልጆች

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። ወገቧን አሟት ነበር። ህመሙ በመቀመጫዋ በኩል ወርዶ ባቷ ላይ ሲደርስ ኤምአርአይ ተነሳች፤ «ዲስክ ወጥቷል» አሏት። ጥያቄዋ አጭር ነው። «ጋሼ፣ እስኪሻለኝ ከአልጋ ባልነሳ ይሻላል?»

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ይህንን ጥያቄ ስመልስ ነው የኖርኩት። የሷን ሳነብ ግን ታላቅ ወንድሜ መጣብኝ። መልሷን ላኩላት፤ የወንድሜ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ዘመኑ 1977 ነው። ድርቁ ወሎን የፈጀበት ጊዜ። እኔ ደሴ፣ ወይዘሮ ስህን ተማሪ ነኝ። ወንድሜ ኮምቦልቻ ጫኝና አውራጅ ነው። የእርዳታው እህል ከአሰብ ወደብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይገባል። መኪናው ቀን የለው፣ ሌሊት የለው። ስንዴው በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣል፤ ወንድሜና ጓደኞቹ በትከሻቸው እየተቀበሉ መጋዘን ውስጥ ይከምሩታል። «ሰው እየተራበ እኔ ደከመኝ ልበል?» ይል ነበር።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በተገኘው መኪና ሃረጎን ወርጄ እሱ ጋ እሄዳለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደሴ ላይ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ ጠመዝማዛውን ስትወርዱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፣ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጋቢው ሸክም ይሆናል። ወንድሜ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ሻይ በዳቦ፣ ከዚያ የደብተር መግዣ። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እኔን ያስተማረኝ የሱ ትከሻ ነው።

አንድ ቅዳሜ መናኸሪያው ላይ አጣሁት። ቤቱ ስሄድ በጎኑ ተኝቷል። ሌሊት ከመኪናው ላይ ከረጢት ለመቀበል ጎንበስ ብሎ፣ ሸክሙን እንደያዘ ወደ ጎን ሲዞር ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለበት። ጠዋት ጫማውን ማጥለቅ አቃተው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወገቡ ቀለል ሲለው ደግሞ እግሩ ጀመረው። ከመቀመጫው እስከ እግሩ አውራ ጣት የሚያቃጥል፣ ሌሊት የሚያስጮህ ህመም።

ያኔ የሚታወቀው ሁሉ ተደረገለት። አንድ የጤና ባለሙያ «ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ፣ እንዳትንቀሳቀስ» አለው። ጎረቤቶቹ አሮጌ በር ነቅለው ሳንቃውን አልጋው ላይ ዘረጉለት። እናታችን ከደሴ ወረደች። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር ተጨመረ። ጭኑ ከሳ። ያን ሁሉ ስንዴ የተሸከመ ሰው ለሽንት በሰው ተደግፎ ይወጣ ጀመር።

በመጨረሻ ወጌሻ ተጠራ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የተሰበረ እጅ ሲያስር እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። ወንድሜን በሆዱ አስተኛው፣ ቅቤ ቀብቶ አሸው፣ ከዚያ «የወጣው ይግባ» ብሎ ወገቡ ላይ ቆመበት። እናቴ ጭንቅላቱን ይዛለች። እኔ እግሩን።

ከዚያ ሲነሳ ቀኝ እግሩ አልታዘዘውም። የእግሩን ጫፍ ቀና ማድረግ አቃተው። እርግጫው ብቻውን አመጣው አልልም፤ ነርቩ ቀድሞም ተጨንቆ ነበር። ሲራመድ የቀኝ በረባሶው አፍንጫ መሬቱን ይፍቃል። የግራው ደህና ሆኖ የቀኙ ከፊት በኩል ተበልቶ ያልቃል። ኮረኮንቹ ላይ ያንን ድምፅ ስሰማ ሳላየው እሱ መሆኑን አውቃለሁ። ዳግመኛ ከረጢት አልተሸከመም። ደጃፉ ላይ ጨውና ክብሪት እየሸጠ ልጆቹን አሳደገ።

ከዓመታት በኋላ ፊዚዮቴራፒ ስማር መምህራችን ስለዚሁ ነገር ያስረዱናል። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛውን የወገብ ነርቭ ይጫናል፤ ያ ነርቭ ደግሞ የእግርን አውራ ጣት ወደ ላይ የሚያነሳው ነው፤ ሲደክም እግር ይጎተታል። ሌሎቹ ይጽፋሉ። እኔ ከክፍል ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ እውቀቱ እኮ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ሮቢን ማኬንዚ የሚባል የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት እግሩን የሚያመው አንድ ታካሚ ነበረው። ሰውዬው ራስጌው ከፍ ባለ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ወገቡ ወደ ኋላ ተለጥጦ ትንሽ ከቆየ በኋላ «እግሬን ተወኝ» አለው። ማኬንዚ ከዚያ ተነስቶ ዛሬ በብዙ አገር የምንጠቀምበትን ዘዴ አዳበረ። ይህ የሆነው ወንድሜ ሳንቃ ላይ ከመተኛቱ 30 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ወንድሜ ከታመመ በኋላ ደግሞ በ1986 አሜሪካኖች ተራ የወገብ ህመም ያለባቸውን ሰዎች አነጻጽረው 2 ቀን ብቻ እንዲተኙ የተነገራቸው ሳምንት እንዲተኙ ከተነገራቸው ይልቅ ከሥራ የቀሩት ለጥቂት ቀን መሆኑን አዩ። በ1999 ሆላንዶች ልክ እንደ ወንድሜ እግር ድረስ የሚወርድ ህመም ያለባቸውን ተከታተሉ። ሁለት ሳምንት መተኛት ካለመተኛት የሚሻልበት ምንም ነገር አላገኙም። ይህ ሁሉ በአንድ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ የሚነገር ነው። ያኔ የነበረውን ያህል እንኳ ለወንድሜ የነገረው አልነበረም።

ለእናንተ ግን የሚነግራችሁ አለ።

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶቻችሁ መካከል ያለ ነገር ነው። ዙሪያው ጠንካራ ጅማታም ቀለበት፣ መሃሉ ዝልግልግ። ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ አይሄድም። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ መሃል ያለው ዝልግልግ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ነርቩን ይጫነዋል፣ በኬሚካሉም ያስቆጣዋል። ይህንን በጣትም ሆነ በተረከዝ ገፍቶ የሚመልስ ሰው የለም። የሚገርመው ሰውነት ራሱ ያጸዳዋል። የወጣውን የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ብዙ የወጣው ደግሞ ጥቂት ከወጣው ይልቅ የመሟሸሽ ዕድሉ ሰፊ ነው። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ኦፕሬሽን በደንብ ይሻለዋል።

የኤምአርአይ ፊልሙንም እንደ ፍርድ ወረቀት አታንብቡት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ጽሑፍ፣ ምንም የማያማቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች የተነሱትን ምስል ተመልክቶ ነበር። ወገባቸውን ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው ያበጠ ነው። 80 ዓመት የሞላቸው ጋ ሲደርስ 84 በመቶ። ስለዚህ እኔ ፊልሙን የማየው ሰውዬውን ካየሁ በኋላ ነው። በጀርባው አስተኝቼ ጉልበቱን ሳላጥፍ እግሩን ቀስ ብዬ አነሳለሁ፣ እግሩ የት ሲደርስ ህመሙ ባቱ ላይ እንደሚመጣ አያለሁ። አውራ ጣቱን ወደ ላይ እንዲገፋ አደርገዋለሁ። ይህንን ሁሌም ሳደርግ ወንድሜ ትዝ ይለኛል።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። በሆዳችሁ ተኙ። ከቻላችሁ በክርናችሁ ደገፍ በሉ። ከዚያ ዳሌያችሁን ከመሬት ሳታነሱ በእጃችሁ እየገፋችሁ ደረታችሁን ቀና አድርጉ፣ ተመለሱ፣ ድገሙት። የምትከታተሉት ህመሙ የት እንዳለ ነው። ባት ላይ የነበረው ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ፣ ከዚያ ወገብ ላይ ከተሰበሰበ መንገዱ ትክክል ነው፤ ወገባችሁ ለጊዜው ባሰበት ብላችሁ አትደንግጡ። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ፈርተው ያቋርጣሉ። በተቃራኒው ህመሙ ወደ ታች ወደ እግር ጣት ከሮጠ ያ እንቅስቃሴ ለእናንተ አይደለም፣ አቁሙት። ለሁሉም ሰው አንድ መድኃኒት የለም። በዕድሜ የገፉ፣ የነርቭ ቦያቸው የጠበበባቸው ሰዎች ወደ ኋላ መለጠጥ ያማቸዋል፣ ጎንበስ ማለት ይሻላቸዋል።

የዘንድሮ ልጆች ላይ የሚያናድደኝ አለ። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ገዝታችሁ ተወግታችሁ በማግስቱ ጂም ትገባላችሁ። በሦስተኛው ቀን «ፊዚዮቴራፒ አልሠራልኝም» ትላላችሁ። ከስልክ ላይ ያገኛችሁትን እንቅስቃሴ ሁሉ አትሥሩ እያልኩ ስጮህ ነው የምውለው። ግን እውነቱን ልናገር፣ አንዲት ተማሪ እቤቷ ስትሠራ ራሷን በስልክ ቀርጻ እያመጣች ታሳየኝ ነበር፤ ዳሌዋ የሚነሳበትን ቦታ አብረን አይተን አስተካከልን። እንዲህ ተጠቅሞ የዳነ ታካሚ በኛ ጊዜ አላየሁም። ስልኩን እንደሷ ያዙት።

ትዕግሥት የተማርኩት ከአንድ ሸዋ በር ከሚኖሩ አባት ነው። ህመሙ ሳይሆን ሶላታቸውን ወንበር ላይ መስገዳቸው ነበር የከነከናቸው። ይፈቀዳል ብላቸው «አውቃለሁ ልጄ፣ ግን ግንባሬ መሬት ይናፍቀዋል» አሉኝ። መጀመሪያ የእግሩ ህመም ወደ ወገብ እስኪሰበሰብ ጠበቅን። ከዚያ ብርድ ልብስ አጥፈን ከፊታቸው ከመርን። ግንባራቸው የላይኛውን ብርድ ልብስ ሲነካና ሳያማቸው ሲመለሱ ሰነበቱ። በየሳምንቱ አንዷን ብርድ ልብስ እናነሳለን። የመጨረሻዋ ስትነሳ ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ምን መድረስ እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ እናንተም ለባለሙያው «ህመሙ ይጥፋልኝ» ብቻ አትበሉ፣ ምን መሥራት እንደቀረባችሁ ንገሩት።

አትተኙ ስል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ህመሙ ካጣደፋችሁ ጋደም ማለት የለም ማለቴ አይደለም። ጋደም በሉ። ግን በየመሃሉ ተነስታችሁ ግቢ ውስጥ ዞር ዞር በሉ። ተቀምጦ መሥራት ግድ ከሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ቁሙ። ሲሻላችሁ ደግሞ ወገባችሁን እንደ ዕንቁላል አትጠብቁት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በ5 ሊትር ጀምሩ፣ ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ ከዳሌ ታጥፋችሁ አንሱ፣ ሲቀላችሁ ጨምሩ። ቤተሰብ አዝኖ ዕቃውን ሁሉ ሲቀማችሁ እምቢ በሉ።

አንዳንድ ነገር ግን አይጠበቅም። ሽንት እምቢ ካላችሁ ወይም ካመለጣችሁ፣ ብልታችሁና ፊንጢጣችሁ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር ከዛለ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ሂዱ፤ ይህ አስቸኳይ ኦፕሬሽን የሚፈልግ ነው። እንደ ወንድሜ እግራችሁ መጎተት ከጀመረም ነገ ዛሬ አትበሉ። ሌላው የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ በአገራችን አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ተኝታችሁ እንኳ የማይለቅ የወገብ ህመም ካለ ማንም አይሻችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። ስለ ኦፕሬሽን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጠላት አይደለም። የእግሩን ህመም ቶሎ ያስታግሳል። በዓመቱ ሲታይ ግን ቶሎ ኦፕሬሽን በሆኑትና ጠብቀው በታከሙት መካከል ብዙ ልዩነት የለም። ከላይ ያልኳቸው ምልክቶች ከሌሉባችሁ ለማሰብ ጊዜ አላችሁ።

ከተንታ፣ ከወረባቦ፣ ከኩታበር የምትመጡ ደግሞ በየቀኑ ፊዚዮቴራፒ መመላለስ እንደማትችሉ አውቃለሁ። ትራንስፖርቱ ራሱ ወገብ ይጨርሳል። ባለሙያው ሰሌን ላይ የሚሠሩ ሁለት ሦስት እንቅስቃሴዎች መርጦ ይስጣችሁ። ፊቱ ሠርታችሁ አሳዩት፣ ያርማችሁ፣ በሁለት ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። በቀጠሯችሁ ቀን ግን ኑ። አንድ ወጣት የመጀመሪያ ሳምንት ያሳየሁትን እየሠራ ወራት ቆይቶ መጣ። ህመሙ እግሩን ትቶታል፣ ጉልበቱ ተመልሷል፣ እሱ ግን ገና ጠዋትና ማታ በሆዱ እየተኛ ነበር። በዚያኑ ቀን ባለ 10 ሊትር ጀሪካን አስጨበጥኩት።