መልስ፦ አዳማ ላይ ከጣሪያ ሶላር የተረፈውን መብራት መሸጥ

ሰላም ወንድም፣ «እህቴ ጀርመን ከጣሪያዋ ሶላር የተረፈውን እየሸጠች ነው፤ እኔስ አዳማ ላይ?» ላልከው፣ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የመብራት መስመሩ ባለቤት እንዲገዛ ሕግ ያስገድደዋል፤ ዋጋውም ለ20 ዓመት እንዳይለወጥ ተወስኖ ይያዛል። አንተ ግን ውል ሳትይዝ ወደ መስመር እንዳትለቅ! እኔ ሞክሬው የካርድ ቆጣሪዬ የላክሁትን እንደተጠቀምኩት ቆጥሮ ብሬን ቅርጥፍ አድርጎ በላው። ደግሞ መስመር ላይ የሚገጠመው ኢንቨርተር (የሶላሩን ኃይል ቤት ወደምንጠቀምበት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ባይጠፋማ ወደ መስመሩ የሚለቀው መብራት ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

የተረፈህን መብራት እዚያው ቤትህ ጨርሰው። የአዳማ ፀሐይ እንደሆነ አይታማም። እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ማታ ነበር፣ አሁን ስድስት ሰዓት ላይ ሆኗል (ባለቤቴ መጀመሪያ «በዚህ ሙቀት?» ብላ ነበር)። ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ፓነልህ ስንት ዋት ነው?