ሁለት ጌጅ አብረው ሲዋሹ

ጥያቄው የመጣው ከብቸና ነው። “ጋሼ፣ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ቀን ቀን ደህና ነው። ማታ መብራት ሳበራ ግን የነዳጁም የሙቀቱም ቀስት ሽቅብ ይወጣል። ሳጠፋው ቀስ ብሎ ይመለሳል። አንዴ ቀዩ ጋ ሊደርስ ሲል ደንግጬ ቆምኩ፤ ሞተሩ ምንም አልሆነም። መካኒክ የሙቀት ሴንሰር ቀየረልኝ፣ ያው ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ። ሞተሩ ሊቃጠልብኝ ይሆን?”

ሞተሩ አይመስለኝም፣ ወንድሜ። ሴንሰሩም አልነበረም። መብራት ስላበራህ ታንክህ ውስጥ ቤንዚን አይጨመርም። ቢጨመርማ ሁላችንም መብራት አብርተን በዋልን!

የነዳጁ ሴንሰር ታንኩ ውስጥ ነው ያለው። የሙቀቱ ደግሞ ሞተሩ ላይ። ሁለቱ ተማክረው አይበላሹም። ስለዚህ ሁለቱም ቀስቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሳሳቱ የሚጋሩትን ነገር ነው መፈለግ። የሚጋሩት ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሬጉሌተርና ማሳውን ነው፤ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ በመኪናው ቦዲ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው።

በእነዚህ የድሮ መኪኖች ቀስቱን የሚገፋው ሙቀት ነው። ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ቁራጭ አለ፤ ላዩ ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሽቦው ይሞቃል፣ ብረቱ ይጎብጣል፣ ቀስቱ ይሄዳል። ቁልፍ ስትከፍት ቀስቱ ዘና ብሎ የሚነሳውም ለዚህ ነው፤ በሽታ አይደለም። ታዲያ የባትሪው 12 ቮልት ሞተር ሲነሳ ወደ 14 ይጠጋል። ይህ በቀጥታ ቢደርሰው ጌጁ ዝም ብሎ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ሲከተል ይውል ነበር። ሬጉሌተሯ ኤሌክትሪኩን ቆረጥ ቀጠል እያደረገች በአማካይ 7 ቮልት ገደማ ታደርገዋለች። ለመቁረጥ ግን እሷም ማሳ ያስፈልጋታል። ማሳ ካጣች መቁረጧን ትታ ሙሉውን ትለቀዋለች።

አሁን ያንተን ነገር እይ። የዳሽቦርዱ አምፖሎችም የሚመለሱት በዚያው ማሳ ነው። ማሳው ከዛገ ወይም ከላላ፣ አምፖሎቹ ሲበሩ ሁሉም በዚያች በጠበበች መንገድ ልለፍ ይላል። እዚያ ላይ የሚቀረው ቮልት ለሬጉሌተሯ ይደመርና ቀስቶቹን ሽቅብ ይነዳቸዋል። ዲናሞው ደክሞ ቢሆን ኖሮ መብራት ስታበራ ቮልቱ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ሬጉሌተሯ ራሷ ተጣብቃ ቢሆን ደግሞ ቀን ማታ ሳትል ቀስቶቹ ከፍ ብለው ይቆዩ ነበር፤ ነዳጅ ስትረግጥም ይብስባቸው ነበር። ስለዚህ እኔ ማሳው ላይ ነው የምፈርደው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ረዘም ያለ ሽቦ ፈልግ፣ መሃሉ ላይ የ5 አምፔር ፊውዝ አስገባበት። ያለ ፊውዝ እንዳትሞክረው፤ አንድ የተሳሳተ ቦታ ከነካህ የሚቃጠለው ሽቦ ነው። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር እሰር። ሌላውን ከጌጆቹ ጀርባ ካለው የማሳ ሽቦ ጋር አገናኝ። በቶዮታ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ነው። መብራቱ በርቶ ይሁን። የዳሽቦርዱ አምፖሎች ወዲያው ደመቅ ካሉ አገኘኸው። ቀስቶቹን ግን አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሣቸው።

ከዚያ ያንን ሽቦ ተከትለህ ከቦዲው ጋር የታሰረበት ብሎን ድረስ ሂድ። የፊት መስታወቱ ጎማ ክረምት ላይ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ብሎኑን ቀይ ዝገት ለብሶ ታገኘዋለህ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ብሎኑን አውጣ፣ ላሜራውንም የሽቦውን ጫፍም በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ፈግፍግ፣ አጥብቀህ እሰር፣ ትንሽ ግሪስ ቀባው። አለቀ። የጌጆቹን ጀርባ ግን በካቻቢቴ አትፈግፍግ። እዚያ ያለችው የመዳብ መስመር ከወረቀት አትወፍርም።

በሽቦው ምንም ካልተለወጠ ሬጉሌተሯን እንይ። የሙቀቱን ሴንሰር ሶኬት ንቀል፣ ከሶኬቱ በሚመጣው ሽቦና በማሳው መሃል ትንሿን የዳሽቦርድ አምፖል አስገባ፣ ቁልፍ ክፈት። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ሬጉሌተሯ እየሠራች ነው። ሳይቋረጥ ቦግ ብሎ ከቀረ እሷ ናት። ብዙ ሰው ሽቦውን ያለ አምፖል ቀጥታ ማሳ ያስነካል። ቀስቱ ይወጣል፣ እውነት ነው፤ ትንሽ ከቆየ ግን ጌጁን ራሱን ያቃጥለዋል።

ስለ መንገዱ፦ ይህን ሳትጨርስ ዓባይ በረሃን አትውረድ። ከደጀን ወርደህ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጣ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዳገት ነው፣ ያውም በሙቀት። እዚያ ላይ የሙቀት ጌጅ ያስፈልግሃል። የራዲያተሩን ክዳን ጎማም እይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተርህ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው።

ያ የተነቀለው የድሮ ሴንሰር ካለህ ደግሞ አትጣለው። ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ መኪናው ውስጥ በመለዋወጫነት ያዘው።