በሪዞርቱ ሁለት እንግዶች፣ በቤት አንድ

ውድ ጠያቂያችን፤

ደብዳቤዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሌሎች አንባቢዎች ጉዳዩን እንዲረዱት በአጭሩ ላስቀምጠው። በትዳር 11 ዓመት ቆይታችኋል፤ ሁለት ልጆች አሏችሁ፤ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ትኖራላችሁ፤ እርስዎ ባንክ ውስጥ፣ ባለቤትዎ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላችሁ ልጆቹን እኅትዎ ዘንድ አስቀምጣችሁ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ወደሚገኘው የዲያኒ ባሕር ዳርቻ ሄዳችሁ አንድ ሳምንት አሳለፋችሁ። እዚያ ባለቤትዎ ስልኩን ክፍል ውስጥ ትቶ ይወጣ፣ ባሕሩ ሲሸሽ እጅዎን ይዞ አሸዋው ላይ ይራመድ፣ ለዓመታት ያልጠየቀዎትን ነገር ይጠይቅዎት ነበር። ከተመለሳችሁ በሁለተኛው ሳምንት ግን ማታ ሶፋ ላይ ከስልክ ጋር፣ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ፣ እሑድ እናቱ ቤት ወደሚለው የቀድሞ ኑሮው ገባ። ቅሬታዎን ሲነግሩት «በሚቀጥለው ዕቁብ ዛንዚባር እንሄዳለን» ይልዎታል። እርስዎም «እውነተኛው ባሌ የባሕሩ ነው ወይስ የቤቱ?» ብለው ጠይቀውኛል።

ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። «ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ሁኔታው ብቻ ነው» ብዬ ላጽናናዎት ግን አልፈልግም፤ ምክንያቱም ያ ሁኔታ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች በሥራቸው የፈጠሩት ነበር። በኬንያ የባሕር ዳርቻው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ሄዶ በነጻ ሊዋኝ ይችላል። ለሪዞርቱ የከፈላችሁት ገንዘብ፣ ቁርስ ምን እንደሚሆን፣ አንሶላው መቼ እንደሚቀየር፣ ውኃው ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ ሌላ ሰው እንዲያስብላችሁ ነው። ልጆቹ ምን በሉ፣ የቤት ሥራቸውን ሠሩ ወይ የሚለውን ደግሞ እኅትዎ በነጻ አሰቡላችሁ። (ይህንን እንዳልዘነጉት ተስፋ አደርጋለሁ።) እናም በዚያች ሳምንት ሁለታችሁም እንግዶች ነበራችሁ። ቦሌ ስትደርሱ እርስዎ ወደ አስተናጋጅነትዎ ተመለሱ፤ ባለቤትዎ ግን በእንግድነቱ ቀጠለ። ደብዳቤዎ ውስጥ ያለው ቁጣ፣ እንደሚመስለኝ፣ ፍቅር ከመቀዝቀዙ ይልቅ ከዚህ የመጣ ነው።

«ተመላላሽ ሠራተኛ አለችን፤ ስለዚህ ሥራ በዝቶብኛል ማለት አልችልም» ብለው ጽፈዋል። ይህ ራስዎን አላግባብ የከሰሱበት ቦታ ነው። አሊሰን ዳሚንገር የተባለች የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት 35 አሜሪካውያን ጥንዶችን አነጋግራ፣ ቤተሰብን ለማስተዳደር የሚያስፈልገውን የሐሳብ ሥራ በአራት ከፍላዋለች፤ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ ከዚያም መፈጸሙን መከታተል። ውሳኔው ላይ ባልና ሚስት በአብዛኛው አብረው ይሳተፋሉ፤ አስቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በብዛት ሴቷ ላይ ይወድቃል። ጥንዶቹ አሜሪካውያን ይሁኑ እንጂ ነገሩ ለሰንጋ ተራ እንግዳ አይደለም። ሠራተኛዋ ወጡን ትሠራለች፤ በርበሬው ሊያልቅ መሆኑን፣ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ክፍያ የሚደርስበትን ቀን፣ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበትንና ጀሪካኖቹ የሚሞሉበትን ሌሊት፣ የአማትዎን የማኅበር ዝግጅት በአእምሮ ይዞ የሚዞረው ግን ማን ነው? ይህ ሥራ ስለማይታይ የሚያመሰግንበትም የለም፤ ዲያኒ ላይ ቀለል ያለዎት እሱ ነበር።

ለባለቤትዎም ፍትሐዊ ልሁን። ሳቢኔ ዞነንታግና ሻርሎት ፍሪትዝ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ሰውን ከሥራ ድካም የሚያሳርፉ አራት ነገሮችን ለይተው አሳይተዋል፤ ሐሳብን ከሥራ ማላቀቅ፣ መዝናናት፣ አዲስ ነገር መማር ወይም መቻል፣ በራስ ጊዜ ላይ ማዘዝ። ዲያኒ አራቱንም ሰጥታዋለች። ቤት ሲመጣ ሶፋው ላይ የተቀመጠው አካሉ ብቻ ነው፤ እርስዎ እንደጻፉት የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድን እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ይንጫጫል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ጭንቀት ይዞ ወደ ቤት እንደሚገባ መገመት አይከብድም። ይህ ዝምታውን ያስረዳል። የቤቱን ሐሳብ ሁሉ ለእርስዎ መተዉን ግን አያስረዳም፤ ባንክም የሚሠራ ሰው ይደክመዋልና።

ስለ ዛንዚባሩ ሐሳብ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣና ከ1,500 በላይ ሆላንዳውያንን ያካተተ የጄሩን ናዌይንና የባልደረቦቹ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ለዕረፍት ሊሄዱ የተዘጋጁ ሰዎች ከማይሄዱት ይልቅ ደስተኞች ናቸው፤ ከተመለሱ በኋላ ግን ዕረፍታቸው እጅግ የተዝናና ነበር ካሉት በስተቀር በሁለቱ መካከል ልዩነት አይገኝም፤ የእነዚያም ቢሆን ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ደስታው መጥፋቱ በእናንተ ትዳር ላይ ብቻ የደረሰ ውድቀት አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው በየቅሬታው መልስ የሚሰጠው በጉዞ ተስፋ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ መነገር ያለበት ነገር ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል ማለት ነው። ብር ከዶላር አንጻር ዋጋው ከግማሽ በታች በወረደበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ያ ተስፋ ራሱ ሌላ የጭቅጭቅ ምንጭ ይሆናል። ጉዞውን አልቃወምም። ቤት ውስጥ የሚገባዎትን ነገር የሚያካክስ ሆኖ ግን አይቀበሉት፤ አዲሱንም ዕቁብ ለጊዜው አይጀምሩ።

አሁን ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ «ሞምባሳ ላይ እንዲህ ነበርክ፣ እዚህ ግን እንዲህ ነህ» የሚለውን ንግግር ያቁሙ። ንጽጽሩ እውነት ነው፤ ሆኖም የሚሰማው ሰው ክስ እንጂ ናፍቆት ስለማይሰማበት ወዲያውኑ ወደ መከላከል ይገባል። እሑድ ከእናቱ ቤት ሲመለስም አይጀምሩት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኮቻችሁን ቤት ትታችሁ ለግማሽ ሰዓት ውጡ፤ ከሰንጋ ተራ በብሔራዊ ቴአትር በኩል ያለው መንገድ ለዚህ ይበቃል፤ ጎን ለጎን እየሄዱ መነጋገር ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከመነጋገር ለብዙ ወንዶች ይቀላልና። እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «ዲያኒ ላይ ደስ ያለኝ ባሕሩ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ነገ ማሰብ አለመኖሩም ነበር። እዚህ ስለ ነገ የማስበው ብቻዬን ነው። አንዱን ክፍል ሙሉ በሙሉ እንድትወስደው እፈልጋለሁ።»

ሙሉ በሙሉ የሚለው ላይ እንዳይላሉ አደራ እላለሁ። «አግዘኝ» ካሉት ይረዳዎታል፤ ግን እያዘዙት ስለሆነ ማሰቡ እርስዎ ዘንድ ይቀራል። ለምሳሌ የልጆቹን የትምህርት ቤት ጉዳይ ከሰርቪሱ እስከ ወላጆች ስብሰባ፣ ከክፍያው እስከ ፈተናው ፕሮግራም ይረከብ፤ የትምህርት ቤቱም የስልክ መልእክት በእሱ ቁጥር ይምጣ። ማስታወሻው የእሱ፣ መርሳቱም የእሱ ይሁን። እዚህ ላይ በደብዳቤዎ መካከል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉትን ነገር ላነሣው እገደዳለሁ፦ ባለፈው ዓመት ሽንኩርት ገዝቶ ሲመጣ የበሰበሰውን እየለዩ እፊቱ ደርድረውለታል፤ ከዚያ በኋላ ገበያ አልሄደም። ሰነፍ ሰው ምክንያት ይፈልጋል ቢሉኝ አልከራከርዎትም፤ ነገር ግን ምክንያቱን አይስጡት። የወላጆች ስብሰባ ቢያመልጠው መምህሯ ዘንድ ደውሎ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ እርስዎ በጓሮ በር አይደውሉ። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ክፍል እንደሚሆንብዎት አውቃለሁ።

የቴሌግራሙን ነገር በተመለከተ፣ ልጆቹ እራት ከሚበሉበት እስከሚተኙበት ድረስ የሁለታችሁም ስልኮች ሌላ ክፍል ይቀመጡ። የሁለታችሁም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እሑድ እናቱ ቤት መሄዱን አይቃወሙት፤ ልጆቹን ይዞ ይሂድና እነዚያ ሰዓታት የእርስዎ ይሁኑ፤ ቤት ለማጽዳት ግን አያውሏቸው።

ባለቤትዎ ከኳሱም፣ ከጓደኞቹም፣ ከልጆቹም ጭምር እየራቀ፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ እየተዛባ ከሄደ ግን ነገሩ የቤት ሥራ ክፍፍል ብቻ ላይሆን ስለሚችል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ያንን የሚጠቁም ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። ርክክቡን ሁለት ወር ይሞክሩት፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግርግር እንደ መክሸፍ አይቁጠሩት። በሁለት ወር ውስጥ የተረከበውን መልሶ እርስዎ ላይ ከጣለ አብራችሁ የጋብቻ አማካሪ ዘንድ ቅረቡ፤ እሱ አልመጣም ቢልም እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ።