ቀለሙ ይቆይሽ፤ መጀመሪያ ግድግዳውን ዳብሺው

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ደሴ ከቤታችሁ ሥር ያለችውን ምድር ቤት በ15 ሺህ ብር ራስሽ አሳምረሽ እንግዳ መቀበያ ልታደርጊያት እንደሆነ ጽፈሻል። «ዘይት ቀለም ይሻላል ወይስ ውሃ ቀለም?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ሁለቱንም እንዳትገዢ ልልሽ ነው። ቢያንስ ለጊዜው።

ቤትሽን አላየሁትም፤ ግን አውቀዋለሁ። የኔም እንደዚያው ነው። ደሴ ሜዳ መች አለንና! ጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፈን ነው የምንኖረው። ቤቱ ከመንገድ ሲያዩት ተራ ቤት ነው። በጓሮ ዞረው ሲያዩት ከሥሩ ሌላ ክፍል አለ። የዚያች ክፍል ፊቷ ጓሮ ነው፤ ጀርባዋ አፈር ነው። ጣጣው ሁሉ ያለው ጀርባዋ ላይ ነው።

በቁጥር ልንገርሽ።

1. ግድግዳውን ሳትፈትኚ ብሩሽ እንዳትነኪ። ክንድ በክንድ የሚሆን ግልጽ ላስቲክ ውሰጂ። የጀርባው ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጊው። ሁለት ቀን ተይው። ጤዛው ከላስቲኩ ሥር በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከአፈሩ ነው የሚመጣው። በክፍሉ በኩል ላዩ ላይ ከሆነ ደግሞ የቤቱ እርጥበት ነው፤ መስኮት ከፍቶ በማናፈስ ይቀላል። በሁለቱም በኩል ካየሽ አብሽሪ፣ የኔም እንደዚያ ነበር።

ይህን ለኔ የነገረኝ አልነበረም። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ሳሎኗን ዘይት ቀለም አስቀብታ መስታወት አስመስላዋለች። ቀናሁ። ኮምቦልቻ ግን ከኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ሙቀት ነው። የእሷ ግድግዳ ጀርባው ነፋስ እንጂ አፈር አይደለም። ያኔ ይህን ማን ያስብ! መስከረም 2015 ላይ ቀለም ሻጭ ጋ ሄጄ «ግድግዳው ትንሽ ያልበዋል» አልኩት። «ዘይት ቀለም ካለበስሽው ውሃ የት አባቱ ያልፋል!» አለኝ። አመንኩት።

ከቀለም በፊት ግድግዳ ማለስለሻው ስቱኮ፣ ዘይት ቀለም፣ ማቅጠኛ፣ ሮለር፣ ብሩሽ። ሲደመር ወደ 9 ሺህ ብር ገባ። ባለቤቴ «ይሄ የወንድ ሥራ ነው፣ ቀቢ እንጥራ» ሲለኝ ጭራሽ እልህ ያዘኝ። ልጆቹን እያስተኛሁ ማታ ማታ ብቻዬን ጨረስኩት። ያየው ሁሉ ጉድ አለ። ባለቤቴም ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ወዶታል ማለት ነው።

ከዚያ በልግ ገባ። ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጠረ። በጣቴ ብጫነው ፊጭ አለብኝ። ክረምት ላይ ስቱኮው እንደራሰ ቂጣ እየተቆረሰ ወደቀ። ከሥሩ ነጭ ጨው አወጣ። ሶፋውን ሳንቀሳቅሰው ጀርባው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። 9 ሺህ ብሬን በመጥረጊያ ጠረግኩት።

የሰፈራችን ሽማግሌ ግንበኛ መጥተው አዩት። ዳበሱት፤ ጨዉን በምላሳቸው ቀመሱት። «ልጄ፣ ውሃው ከኋላ እየገፋ አንቺ ከፊት በር ዘጋሽበት። ሰብሮ ወጣ» አሉኝ። ዘይት ቀለም አያስተነፍስም። ስቱኮ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይፈርሳል። ሁለቱን ደራርቤ ለብጬው ኖሯል።

2. ውሃውን ከውጭ ያዢው። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘሽ ውጪና ከግድግዳው ጀርባ ቁሚ። እኔ ስቆም ያየሁት ይህን ነው፦ ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ጣራ አሸንዳ የለውም። የጣራዋ ውሃ በሙሉ የሚወርደው እኔ ግድግዳ ጀርባ ላይ ነው። በመካከላችን ያለችው ቀጭን መተላለፊያ ላይ ቦይ መቆፈር አለበት። መተላለፊያዋ የጋራ ስለሆነች ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ። ቢሮውን አልጠራውም፤ ታውቂዋለሽ። በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ማመልከቻ» አለኝ። ጽፌ ሄድኩ። «ካርታ» አለኝ። ካርታ ይዤ ሄድኩ። «የግብር ደረሰኝ።» ደረሰኙን ስወስድ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። በአምስተኛው ቀን «ለቦይ ነው እንዴ ይህን ያህል የምትመላለሺው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ነኝ የምመላለሰው? ያመላለስከኝ አንተ! ይህን ያልኩት ግን ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። እዚያማ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ነው የወጣሁት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወረቀቱ የመጣው ቦዩ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ነው።

ነገሩን የጨረሰው ቡና ነው። ጎረቤቴን ጠራኋት። አቦል ላይ ስለ ልጆች፣ ቶና ላይ ስለ ኑሮ ተጨዋወትን። በረካ ላይ ምድር ቤት ይዣት ወረድኩና ግድግዳውን አስዳበስኳት። «ኧረ በአላህ! ይሄ የኔ ጣራ ነው?» አለች። የአሸንዳውን ወጪ እኩል ተካፈልን። ቦዩን የቆፈሩት የእሷ ሁለት ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ምሳቸውን እኔ ቻልኩ። አንቺም ከቢሮ በፊት ጎረቤት ጋ ሂጂ። እኔ ገልብጬው ነው።

ቦዩ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ውስጡ ጠጠር ነው። ከመሠረቱ በታች እንዳትወርጂ፤ ቤቱ መቆሚያ ያጣል። በክረምትም እንዳትቆፍሪ። የደሴ ዳገት ሲርስ እንደሚንሸራተት ላንቺ አልነግርሽም። ግንቡ ካበጠ ወይም የተሰነጠቀው እየሰፋ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ተይውና ባለሙያ አሳዪ።

3. ፋቂና ጠብቂ። የተነፋውን ልስን ጨዉ ከደረሰበት ከፍ አድርገሽ እስከ ድንጋዩ አንሺው። ጨዉን በደረቅ የሽቦ ብሩሽ ጥረጊው። በውሃ ካጠብሽው ተመልሶ ይገባል። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ ሻጋታ ነው። ከዚያ መስኮቱን ከፍተሽ ተይው። እኔ ጥቅምት 2016 ላይ ፍቄ እስከ ጥር ጠብቄያለሁ። ባለቤቴ በየቀኑ «ምነው ቆመ?» ይለኝ ነበር። ግድግዳው እየደረቀ ነው፣ ሌላ ምን ልበለው? መስከረም ጠብቶ በልግ እስኪገባ ያሉት ወራት ናቸው የኛ የሥራ ወራት።

አራት ላይ ነኝ መሰለኝ። ቀለሙ ኖራ ነው! አዎ፣ የአያቶቻችን ኖራ። ርካሽ ነው፤ ግድግዳው እርጥበቱን እንዲተነፍስ ይተወዋል። እንደ ወተት አቅጥኚውና ግድግዳውን በውሃ ረጨት አድርገሽ ቀቢ። አንዱ እጅ ሲደርቅ ሌላውን ደርቢ፤ ሦስት እጅ ይበቃል። ስትቀቢ ውሃ መስሎ ያስደነግጥሻል፤ ሲደርቅ ነው የሚነጣው። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርጊ እንዳትነኪው፤ ዓይን ያጠፋል። ያልተበረደ ኖራ ከሆነ ውሃ ሲነካው ይፈላልና ልጆች አይጠጉ። አንድ ጉድለት አለው፤ ልብስ ይነካል። እኔ ጀርባ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሰሌን ሰቅያለሁ፤ እንግዳ ጌጥ ነው የሚመስለው።

ወለሉ ላይ የላስቲክ ምንጣፍ አታንጥፊ። እኔ አንጥፌ ከሥሩ ሸተተኝ። አሁን ሰሌን ነው፤ በሳምንት አንዴ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ። መጅሊሱን ራሴ ሰፋሁት። ስፖንጁ ሲሚንቶ ላይ አይደለም፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ አለ፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ይርቃል። ኮርኒስ እንዳትጨምሪ፤ ክፍሏ ዝቅ ያለች ናት፣ ጭራሽ ታፍኚያታለሽ። ከመስኮቱ ትይዩ አሮጌ መስታወት ብትሰቅዪ ብርሃኑ ይበቃል።

ከሰል! ረስቼው ነበር። ብርዱን ሽሽት በር ዘግተሽ ከሰል እንዳታነጂ። ምድር ቤት ነው፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። እኔ ቡና ሳፈላ መስኮቱ ክፍት ነው፤ የበረደው ጋቢ ይደርባል።

ሁለተኛው ዙር የአሸንዳ ድርሻዬን ጨምሮ ወደ 7 ሺህ ብር ነው የፈጀው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ከመርከሱ በፊት ነው ታዲያ፤ ዛሬ ያንቺ 15 ሺህ ያን ያህል አይተርፍም። ሁለት ክረምት አልፎበታል። ጥግ ላይ እጅ የምታህል ቦታ አሁንም ትረጥባለች። በየዓመቱ ጥር ላይ አንድ እጅ ኖራ ደረብ አደርግባታለሁ። ያ ቀለም ሻጭ ሱቁ አሁንም አለ። በበሩ ሳልፍ ዞር ብዬም አላየው።

ላስቲኩን ዛሬውኑ ለጥፊና ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶ ላኪልኝ። በሩን አይደለም፣ ጀርባውን ነው።